ምላሴ የማን ልጅ ናት?

“የየት አገር ልጅ ነህ?” የሚለውን ጥያቄ ካምፓስ የገባ ሰው ሁሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢያንስ ሃያ ጊዜ ይጠየቃል። ሌላው ባንድ ቃል መልሶ ይገላገላል። እኔ ግን “ድሬዳዋ” ስል ጠያቂው አይረካም፤ “እሱማ ከተማው ነው፤ ቤተሰቦችህ ከየት ናቸው?” ይለኛል። አባቴ የእዣ ጉራጌ ነው፣ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን። እናቴ ከሐረር ዙሪያ ወደ ድሬ የወረደ የኦሮሞ ሙስሊም ቤተሰብ ልጅ ናት። ያደግኩበት ሰፈር ደግሞ ግማሹ ሶማሊኛ፣ ግማሹ ኦሮምኛ፣ ጥቂቱ ሐረሪኛ፣ ቀሪው አፉ ላይ የመጣለትን የሚናገርበት ሰፈር ነው። ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ሳልጨርስ ጠያቂው ሰልችቶት ሌላ ወሬ ይጀምራል። ስለዚህ ከሁለተኛ ዓመት ወዲህ መልሴን አሳጥሬዋለሁ፤ ቤታችን ምን እንደሚበላ እነግራቸዋለሁ። በቂ ነው።

ድሬዳዋ እንደ ብዙዎቹ ከተሞቻችን በንጉሥ ድንኳን ወይም በደብር ዙሪያ የተቆረቆረች አይደለችም። የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ ላይ እዚያ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ናትና ሐዲዱን ወደ ላይ ማውጣቱ ውድና አስቸጋሪ ስለነበረ ከታች ሜዳው ላይ አዲስ ከተማ ተመሠረተ፤ መጀመሪያም “አዲስ ሐረር” ተብላ ነበር። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ግሪኩም፣ አርመኑም፣ የመኑም፣ ህንዱም፣ ፈረንሳዩም ድሬ ላይ ሱቁን ከፈተ። እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1941 ደግሞ ጣሊያን መጣ። ሁሉም በጊዜው ሄዷል፤ ወይም ልጆቹ እኛን ሆነዋል። ድስቱን ግን ይዞ አልሄደም።

የልጅነት ምላሴ የዚያች ከተማ ምላስ ናት። ጠዋት ፈቲራ፤ ሊጡ እንደ ወረቀት ስስ ተደርጎ ይዘረጋና እንቁላል ገብቶበት ይታጠፋል፣ ይጠበሳል፣ ማር ይፈስበታል። ፉል በፉርኖ ዳቦ። ከሰዓት በኋላ ፀሐዩ ሲበርድ ሳምቡሳ፤ ስሙ ከፋርስ ተነስቶ በዐረብ አፍ አልፎ እኛ ዘንድ የደረሰ፣ ውስጡ ግን የኛው ምስርና ቃሪያ የሆነ። ጎረቤታችን የነበሩት ሶማሌ እናት ቤት ደግሞ ሩዝና ባስቶ ነበር። ባስቶ ማለት ፓስታ ነው፤ ከጎኑ የተላጠ ሙዝ ይቀመጥለታል። ሙዙን ከፓስታው ጋር እየገመጡ መብላት ነው እንጂ በኋላ እንደ ፍራፍሬ መብላት አይደለም! ይህን ለዶርም ልጆች ስነግራቸው ፊታቸውን ያኮማትራሉ። እስኪ አንድ ቀን ሞክሩት። የቲማቲሙ ኮምጣጣነትና የሙዙ ጣፋጭነት ሲገናኙ የሚሆነውን የማያውቅ ሰው ስለ ፓስታ ባያወራ ይሻላል።

በተቃራኒው የማልወዳቸው ነገሮች ነበሩ፤ የሚገርመው ደግሞ ሁሉም የገዛ ዘመዶቼ ምግቦች ናቸው። የግመል ወተት አልወድም ነበር፤ ዕቃው በጭስ ስለሚታጠን ወተቱ ጭስ ጭስ ይሸታል። የማሽላ እንጀራ፣ በእናቴ ወገን አጠራር ቢደና፣ አልወድም ነበር፤ ቀላ ያለና ሻከር የሚል ነው። የአባቴ ወንድሞች በመጡ ቁጥር ነጭ የጤፍ እንጀራ ስለሚቀርብ ማሽላ የድሃ፣ ጤፍ የጌታ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ጤፍ ተወዶ ከማሽላና ከሩዝ ጋር እየተቀላቀለ ሲጋገር ሳይ፣ ያኔ እንደ ውርደት የቆጠርኩት እንጀራ መሆኑ ትዝ እያለኝ ብቻዬን እስቃለሁ።

ከሁሉም በላይ የምጠላው ግን ቆጮ ነበር። የአባቴ እናት በሕይወት ሳሉ ለመስቀል ወደ አገር ቤት እንሄድ ነበር። ከድሬ ሙቀት ወጥቶ ጉራጌ ውስጥ ሌሊት መንቃት ማለት ወደ ሌላ ዓለም መግባት ነው፤ ብርድ፣ እርጥበት፣ በጓሮው ሁሉ ሰው የሚያህል የእንሰት ቅጠል። ከሥጋው ክትፎ አስቀድሞ የጎመን ክትፎ አለ፤ ከዚያ በሬው ይታረድና ቤቱ በቅቤና በኮረሪማ ሽታ ይሞላል። ክትፎው በጣባ፣ ማንኪያው ከቀንድ፣ ሚጥሚጣው ዓይን የሚያስለቅስ። ክትፎውን እንደ ጅብ ነበር የምበላው። ቆጮው ሲመጣ ግን አፍንጫዬን እይዛለሁ። ያ ሽታ የብልሽት አይደለም፣ የሥራ ነው። የእንሰቱ ግንድ ይፋቃል፣ ሥሩ ይከተከታል፣ ተቀላቅሎ በቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይብላላል። እንሰት ተክሉ ዓመታት ቆሞ፣ ሊጡም ብዙ ቆይቶ ክፉ ቀን የሚያሻግር ነው፤ በአገራችን ደቡብና ደቡብ ምዕራብ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ እንደሚኖርበት ይነገራል። አያቴ ይህን ሁሉ በቁጥር አያውቁትም። “ቆጮ የሌለው ቤት ቤት አይደለም” ብቻ ይሉኝ ነበር፣ ትልቁን ቁራሽ ወደ እኔ እየገፉ።

በነገራችን ላይ እንሰትና ሙዝ ያንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ከፓስታ ጋር ስገምጠው የኖርኩት ሙዝና አፍንጫዬን ይዤ የሸሸሁት ቆጮ ዘመዳሞች መሆናቸውን ያወቅሁት ግቢ ከገባሁ በኋላ ነው።

አሁን ወደ አዮ ልምጣ። የእናቴን እናት “አዮ” ነበር የምንላት። ከእኛ ቤት ደጫቱን ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ነበር የምትኖረው። ደጫቱ ማለት ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል፣ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ሆኖ ከርሞ ሲቆጣ የሚያጠፋ ወንዝ ነው፤ በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው ጎርፍ የዚያ ወንዝ ነው። እናቴ አባቴን ስታገባ አዮ ለሁለት ዓመት እንዳላናገረቻት ሰምቻለሁ። እንዴት እንደታረቁ ግን ማንም በደንብ አልነገረኝም፤ እኔ ስወለድ የሆነ ነው ይላሉ። ያንን ሁሉ ነገር ለልጅ የሚያስረዳው አንድ ዕቃ ብቻ ነበር፤ እኛ ቤት መደርደሪያ ላይ፣ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ በነጭ ጨርቅ ተሸፍኖ የሚቀመጠው የአዮ ድስት።

የዚህ አገር ሰው ስለሆናችሁ ጉዳዩን ማስረዳት ብዙም አያስፈልገኝም። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። አንዱ ልኳንዳ በር ላይ መስቀል፣ ሌላው በር ላይ ጨረቃ ይሳላል። አዮ ቤታችን ስትመጣ ሽሮ ትበላለች፣ እንቁላል ትበላለች፣ ዓሣ ትበላለች። የክርስቲያን ሥጋ የተሠራበት ድስት ውስጥ ግን ሽሮም ቢሆን አይሠራላትም። ድስቷን ራሷ ገዝታ አመጣችው። እናቴ ለብቻው ታጥበዋለች፣ ለብቻው ታስቀምጠዋለች። አባቴ አንድም ቀን ክፉ ቃል ሲናገርበት አልሰማሁም፤ እንዲያውም እንግዳ መጥቶ ሳያውቅ ሊያነሳው ሲል “ተው፣ እሱ የእማማ ነው” የሚለው እሱ ነበር። እኔ እስከ ሰባት ዓመቴ ድረስ በሰው ቤት ሁሉ የአያት ድስት ያለ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ግን በሁለቱም በኩል እበላ ነበር። ክርስትና የተነሳሁ ልጅ ነኝ፤ ለመስቀል እዣ ሄጄ ክትፎ፣ ለአረፋ መጋላ ሄጄ የአዮን ሁልበት። ልጅ ስለሆንኩ ማንም አልቆጠረብኝም። ሁልበት በሐረርና በድሬ ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው፤ የተፈጨ አብሽ በውኃ ይዘፈዘፋል፣ ምሬቱ እንዲወጣ ውኃው ይደፋል፣ ከዚያ በእጅ ይመታል፣ ይመታል፣ ይመታል፤ አረፋ መስሎ ነጭ እስኪሆንና እስኪነፋ ድረስ። ከዚያ የሥጋ መረቅ ላይ ይደረጋል። በቢደና እየተጠቀሰ ይበላል። ሐረሪዎች ሁልበት መረቅ ይሉታል፤ ከባሕሩ ማዶ የየመኖቹም ሰልታ በዚሁ አረፋ የሚከደን ነው። ጣዕሙ መረር ያለ ነው፣ ግን ምሬቱ አይቆይም። ለልጅ ምላስ ይከብዳል፤ እኔ ግን ቆጮን የሸሸሁ ልጅ ሁልበትን ሸሽቼ አላውቅም።

ይህ ለምን እንደሆነ ለብዙ ጊዜ ይገርመኝ ነበር። ሦስተኛ ዓመት ላይ ለኮርስ ሳነብ ያገኘሁት አንድ ጥናት ትንሽ ፍንጭ ሰጠኝ። እ.ኤ.አ. በ2001 ጁሊ ሜኔላ የተባለች ተመራማሪና ባልደረቦቿ ባወጡት ጥናት፣ ነፍሰ ጡር እናቶች በመጨረሻዎቹ ወራት፣ ሌሎቹ ደግሞ ጡት በሚያጠቡበት ጊዜ የካሮት ጭማቂ እንዲጠጡ ተደረገ። ሕፃናቱ ምግብ ሲጀምሩ ካሮት የገባበት ገንፎ ሲቀርብላቸው፣ እናቶቻቸው ውኃ ብቻ ከጠጡት ልጆች ያነሰ ፊታቸውን ያኮማትሩ ነበር። ማለትም ጣዕም የሚጀምረው ማንኪያ ከመያዝ በፊት ነው። እናቴን ደውዬ “እኔን ወልደሽ ስትታረሺ ምን ትጠጪ ነበር?” አልኳት። “ምን እጠጣለሁ፣ አብሽ ነዋ! አዮ አርባ ቀን ሙሉ አብሽ ስታጠጣኝ ሆዴ ሊፈነዳ ነበር” አለችኝ። አብሽ ለአራስ መስጠት የአገሩ ሁሉ ልማድ ነው፤ ሽታው ደግሞ በላብም በወተትም እንደሚወጣ የታወቀ ነው። እናቴንና አዮን ያስታረቅኋቸው እኔ ከሆንኩ፣ ዕርቁ መጀመሪያ የገባው በአፌ ነው ማለት ነው። ይህን ስላት እናቴ ስልኩ ላይ ሳቀች፣ ከዚያ ዝም አለች።

ካምፓስ ስገባ ምላሴ ላይ ብዙ ነገር ተገለባበጠ። የካፌን ምግብ አላማም፤ ለስንት ሺ ሰው የሚሠራ ወጥ ነው፣ ከዚያ በላይ ምን ይጠበቃል? ነገር ግን የሥጋ ቀን የሚባል አለ። የሥጋ ቀን ሁለት ሰልፍ ይሠራል፤ የክርስቲያንና የሙስሊም። ማንም ክፉ አስቦ ያደረገው አይደለም፣ ለሁሉም ሲባል ነው። በመጀመሪያው የሥጋ ቀን ሳህኔን ይዤ በሁለቱ ሰልፎች መካከል ቆምኩ። አንዱ የዶርሜ ልጅ ከክርስቲያኑ ሰልፍ “ና እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?” ሲለኝ፣ ሌላው፣ ከጅማ የመጣ ሙስሊም ጓደኛዬ፣ የእናቴን ነገር ያውቃልና ከወዲያኛው በዓይኑ ጠራኝ። ልጅ ሳለሁ ያልተቆጠረብኝ ነገር በዚያች ደቂቃ ተቆጠረ። አንዱ ጋ ብሰለፍ ሌላውን የካድኩ ይመስላል። “ክርስቲያን ነኝ” ብል እውነት ነው፤ አዮ ቤት የበላሁት ግን ከሆዴ አይወጣም፣ እንዲወጣም አልፈልግም። በመጨረሻ የጾም የሚሰጥበት መስኮት ሄጄ ሽሮ ተቀበልኩ። ከዚያ በኋላ በሥጋ ቀን ሁሉ ሽሮ ነው የምበላው። አንዳንዱ ልጅ ባሕታዊ እያለ ይቀልድብኛል፤ ይቀልድ።

ስለ እምነት ለመፍረድ አልተነሳሁም። አንዱ “በስመ አብ” ብሎ፣ ሌላው “ቢስሚላህ” ብሎ ነው ቢላዋውን የሚያነሳው፤ ሁለቱም በስሙ ሳይጠሩ አይጀምሩም። ድንበሩን የሚያከብር ሰው ያስከብረኛል እንጂ አያስከፋኝም፤ አዮም አባቴም ድንበሩን ጠብቀው ነው አንድ ማዕድ የቀረቡት። የሚያናድደኝ “ወስን!” የሚለው ነው። ድሬ ላይ “አቦ፣ ቁጭ በልና ብላ” ነበር የሚባለው።

የቆጮ ነገር ደግሞ እንዲህ ሆነ። ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ በአንድ የክረምት ቀን፣ መርካቶ ዕቃ ልገዛ ሄጄ በአንዲት ጠባብ መንገድ ሳልፍ ያ ሽታ መታኝ። ሴትየዋ ትኩስ ቆጮ እየቆረጡ ነበር፤ ቅጠሉ ላይ ሲጋገር ጫፉ ቡናማ የሆነ። እግሬ ራሱ ቆመ። አያቴ ከሞቱ አራት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ቁራሽ ገዝቼ ከአይብና ከጎመን ጋር ቁጭ ብዬ በላሁ፣ ሌላም ደገምኩ። ያው ቆጮ ነው፤ ኮምጣጣነቱም ያው ነው፤ የተለወጥኩት እኔ ነኝ። በልጅነት መራራና ኮምጣጣ ነገር መሸሽ ያለ ነው፣ ደጋግሞ መቅመስም ያላምዳል ይባላል። ይሁን። እኔን ግን ደጋግሞ መቅመስ ብቻ ሳይሆን ትልቁን ቁራሽ ወደ እኔ የሚገፋ እጅ ማጣትም ያለመደኝ ይመስለኛል። ጥሬ ክትፎ በአንጻሩ እንደ ድሮው አያጓጓኝም፤ ለብ ለብ ካላለ አልደፍረውም። አባቴ ይህን ሲሰማ “ጉራጌነትህን ግማሹን ሸጥከው” አለኝ፤ ቆጮ መውደዴን ስነግረው “እሺ፣ ገዛኸው” አለ።

የዶርም ጓደኛዬ የአድዋ ልጅ ነው። አንድ የጾም ቀን ከቤቱ የተላከለትን ነገር ሲያዘጋጅ ገንዳ ውስጥ ነጭ አረፋ ሲመታ አየሁት። “ሁልበት ነው እንዴ?” አልኩ። “ሕልበት ነው” አለ። ተያየን። የእሱ ከባቄላና ከአብሽ ዱቄት የሚሠራ የጾም ምግብ ነው፤ ሥጋ የሚባል አይነካውም። የእኔ ያለ ሥጋ መረቅ የማይታሰብ የአረፋ ምግብ ነው። ስሙ አንድ፣ አመታቱ አንድ፣ አረፋው አንድ። ዐረቦች አብሽን ሑልባ ይሉታል፤ ቃሉ በየት በኩል ወደ የት እንደተሻገረ የቋንቋ ሰዎች ይጨቃጨቁበት። እኛ እስከ እኩለ ሌሊት ስንመታና ስንበላ አመሸን። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ “የራሳችን ያልተበረዘ ምግብ” ሲል ብሰማ በርበሬን አነሳበታለሁ፤ ቃሪያና በርበሬ ከአሜሪካ ምድር የመጣ ተክል ነው፣ ኮሎምቦስ ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት እኛ ጋ ያልነበረ። ዶሮ ወጣችን ሳይቀር እንግዳ አለባት።

አዮ የታመመችው እኔ ሁለተኛ ዓመት ጨርሼ ቤት በነበርኩበት ክረምት ነው። ደም ግፊትም ኩላሊትም ነበር፤ ሐኪሞቹ ጨው ከለከሏት። እናቴ ቀን ቀን ከፊራ ገበያ ስለምትውል ምሳዋን የምሠራላት እኔ ሆንኩ። እኛ ቤት አምጥተናት ነበር። ነጩ ጨርቅ ተነሳ፣ ድስቱ ወረደ። ሥጋውን የምገዛው ጨረቃ ካለበት ልኳንዳ ነው። ዓይኗ ደክሞ ነበርና ሁልጊዜ ትጠይቀኛለች፤

“ከየት ገዛኸው?”

“ከመጋላ ነው፣ አዮ።”

“ወላሂ በል።”

“አዮ፣ እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ እንዴት ወላሂ ልበል?”

“እንግዲያው ባንተው ማል” ትልና ትስቃለች። ከዚያ እጇን ዘርግታ ድስቱን ትዳስሳለች፤ ጠርዙ ላይ አንድ ጎድጎድ ያለ ቦታ አለ፣ እሱን ስታገኘው “ነው፣ የኔው ነው” ትላለች። አብሹን ስመታ ድምፁን ሰምታ “ገና ነው፣ ጨምር” ወይም “በቃ፣ በቃ፣ ደረሰ” ትለኛለች። በጆሮዋ ነው ያስተማረችኝ። ጨው የሌለው ሁልበት ምን ይጥማል? ምንም አይጥምም። ሎሚና ቃሪያ እያበዛሁ ምላሷን ለማታለል እሞክር ነበር፤ አልተታለለችም፤ ግን ጨርሳ ትበላ ነበር። እኔም ከእሷ ጋር ያለ ጨው ስለበላሁ ከዚያ ወዲህ የካፌው ወጥ ሁሉ ጨው የበዛበት ይመስለኛል።

በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ አረፈች። እኔ ለፈተና ግቢ ነበርኩ፤ ቀብሩ በዕለቱ ስለሆነ አልደረስኩም። ቤት ስመለስ ድስቱ ታጥቦ፣ ጨርቁ ታጥቦ፣ እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። እናቴ ምንም አትሠራበትም። አባቴ “ለምን ዝም ብሎ ይቀመጣል?” አላለም። ሁለት ዓመት እንዲሁ ተቀመጠ።

ባለፈው አረፋ የእናቴ ታናሽ እህት ከጅጅጋ መጣች። ሥጋውን ራሷ ይዛ ነው የመጣችው። ማእድ ቤት ገብታ ዞር ዞር ብላ አየችና፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ጨርቁን አንስታ ድስቱን ምድጃ ላይ ጣደችው። እናቴ በሩ ጋ ቆማ አየቻት፤ ከዚያ ሄዳ ሽንኩርት መላጥ ጀመረች። አብሹን እኔ መታሁ። አክስቴ ደጋግማ “ደረሰ” ብትለኝም ድምፁ ስላልተለወጠልኝ መምታቴን ቀጠልኩ። ቀርቦ ስንቀምሰው፣

“ጨው በዝቶበታል” አልኳት።

“እንዴ! ገና መቼ አደረግኩበትና?” አለችኝ አክስቴ፣ የጨው ዕቃውን ወደ ራሷ እየሳበች።